ጥርኝ ውሃና የሐጃ ዚር

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በካርቱም ከተማ ጀብራ በተባለው ሰፈር ለስደተኞቻችን ልጆች ማታ ማታ አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ምሽት የበላዔ ሰብእን ታሪክ በቃላቸው እንዲተርኩልኝ አዘዝኳቸው። ትረካው ሲያበቃ አንዱ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ ከዳነ፣ አከራያችን ሐጃስ? በየቀኑ ደጃፋቸው ላይ ዚር ሞልተው አላፊ አግዳሚውን ያጠጣሉ። ሙስሊም ስለሆኑ ይኮነናሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ዚር ሱዳኖች ለመንገደኛ ውሃ የሚያስቀምጡበት የሸክላ ጋን ነው።

እኔም «ይህ የሃይማኖት መምህራን ጉዳይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ሆኜ ሳስበው መልሴ ስንፍና ነበር። የቋንቋ መምህር ስለ ሰማያዊ ፍርድ መወሰን አይችልም፤ ጽሑፉ የሚለውንና የማይለውን ማስለየት ግን ሥራው ነው።

በየካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው ይህ ታሪክ ከተአምረ ማርያም የተገኘ ነው። የቅምር ከተማው ሰው በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም ሲለምነው እምቢ ብሎ፣ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78 ነፍሳት በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ውሃው በሌላው ወገን ሆኑ። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ውሃው መዘነ።

የትረካው ኃይል ያለው በዚህ አለመመጣጠን ላይ ነው። አድማጩ እንደ ዳኛ ሒሳብ ሊሠራ ሲሰናዳ ሒሳቡ ይፈርስበታል። ሆኖም ተማሪውን ለማስደሰት ስንል ጽሑፉን ማጣመም አይገባንም። ሚዛኑን የደፋው ውሃው ብቻ ሳይሆን ውሃው የተሰጠበት ስም ጭምር ነው። በላዔ ሰብእም አማኝ ሆኖ የጠፋ እንጂ ከሌላ እምነት የመጣ አይደለም። እንግዲህ ታሪኩ ስለ ሐጃ ይድናሉም አይድኑምም አይልም።

በመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ዘንድም ክርክሩ አለ። ጥምቀት የግድ ነው የሚሉት ጌታ ለኒቆዲሞስ የተናገረውን ይጠቅሳሉ። ሌሎች ሳይጠመቅ ገነት የገባውን ፈያታዊ ዘየማንን ሲያነሡ፣ እነዚያ «በመስቀል ላይ ሆኖ አምኗል» ይሏቸዋል። በቆርኔሌዎስ ታሪክማ ሁለቱም ይሻማሉ፤ ጸሎቱና ምጽዋቱ ከመጠመቁ በፊት ወደ እግዚአብሔር ደርሷል፣ ጴጥሮስ መጥቶ እንዲጠመቅ ማዘዙ ግን አልቀረም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ፣ በቅን ልብ አምላክን የሚፈልግና ኅሊናውን የሚከተል ሰው ሊድን ይችላል ሲል አውጇል።

በአገራችን ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም ይኸው ጥያቄ አለ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ መጽሐፉ ሁሉም «የእኔ እምነት ብቻ ቅን ነው» ማለቱን ይተቻል፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው፣ ልቡናም ለሁሉ ተሰጥቷል ይላል። እዚህ የሚመዝነው ስም አይደለም፤ ልዩነቱን ተማሪ ራሱ አንብቦ ሊደርስበት ይገባል።

መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ እንደ እኔ አታዳፍኑት። ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አስነብቡ። ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው፣ «ታሪኩ የሐጃን ፍርድ አልጻፈም፤ እኔና አንተም አንጽፍ። ከዚራቸው የጠጣኸውን ውሃ ግን አትርሳ» እለው ነበር።