ተመልካች ማብዛትና ተመልካች ማክበር

ዛሬ በአሰላ የተቀረጸ ቪዲዮ በኢንተርኔት ዓለምን ያዳርሳል። ዳሩ ግን ተመልካችን በሚያደናግር አርእስት የሚያጠምዱ አዘጋጆች ጥቂት አይደሉም። በጩኸት የተጠራ ተመልካች የይዘቱን ባዶነት እንዳየ ይሸሻል።

በ2004 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የጄሪ ሮዝዌል ዘጋቢ ፊልም «የሯጮች ከተማ» ለኢንተርኔት ባይታቀድም ትምህርቱ ለዚሁ መስክ ይበጃል። ስለ በቆጂ ሲተርክ በደራርቱ ቱሉና በቀነኒሳ በቀለ ዝና ብቻ አልተመካም። በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥር ሩጫ የጀመሩ ሁለት ልጃገረዶችን ተስፋና እንቅፋት በአንድ የሱቅ ልጅ አንደበት ያሳየናል። ውጤቱን አስቀድመን ስለማናውቅ እስከ ፍጻሜው አብረናቸው እንጓዛለን።

የአርሲ ወጣት ከያንያን ይህን ያጢኑ፤ የተመልካች ቁጥር በአንድ ሌሊት ሊያሻቅብ ይችላል። አመኔታው ግን እንደ ጭላሎ ግርጌ ገብስ ተዘርቶ፣ ታርሞና ተጠብቆ የሚታጨድ ነው።