ገላጭ ድርሰት ምን ገለጠ?

«የእንጀራን አሠራር አስረዱ» ለሚል ትእዛዝ የተጻፉ ሁለት አንቀጾችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሁለቱንም ለዚህ ዳሰሳ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ የተማሪ ድርሰት ሲያርም የኖረ መምህር ግን ሁለቱንም በመልካቸው ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እንጀራ የማንነታችን መገለጫ፣ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ውድ ቅርሳችን ነው። በመሆኑም አዘገጃጀቱ ከፍተኛ ጥበብና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሊጡ በተገቢው መንገድ ከቦካ በኋላ አስፈላጊው ሁሉ ተደርጎለት ይጋገራል። ስለዚህ ይህን ድንቅ ባህል ለትውልድ ለማስተላለፍ ሁላችንም ልንረባረብ ይገባል።»

ሁለተኛው ደግሞ፦ «ዱቄቱን በእርሾ አቡክተን ሁለት ሶስት ቀን እናስቀምጠዋለን ከላይ የጠለለውን ውሀ እንደፋዋለን ከዛ ከሊጡ ትንሽ ቀንሰን በፈላ ውሀ እናበስልና መልሰን እንጨምረዋለን ይሄ አብሲት ይባላል። አብሲት ካልገባበት ሊጡ ደህና ኩፍ አይልም እንጀራውም ጥሩ አይን አያወጣም።»

በተለመደው አስተራረም የመጀመሪያው ከፍ ያለ ማርክ ያገኛል። ሥርዓተ ነጥቡ ተሟልቷል፤ መግቢያና መደምደሚያ አለው፤ ቃላቱም ያማሩ ናቸው። ሁለተኛው በቀይ እስክሪብቶ ይዥጎረጎራል፦ ነጠላ ሰረዝ የለም፣ አራት ነጥብ ተዘሏል፣ «ዓይን» በአልፋው «አ» ተጽፏል፣ «ከዛ» እና «ይሄ» የንግግር ቃላት ናቸው። የኔ ፍርድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ከሁለተኛው አንቀጽ አንድ ነገር ተምሮ ይነሣል፤ አብሲት ምን እንደሆነና ለምን እንደሚገባ ያውቃል። ከመጀመሪያው የሚያገኘው የለም። «በተገቢው መንገድ» እና «አስፈላጊው ሁሉ» የሚሉት ሐረጎች የቆሙት ማብራሪያው ሊገባባቸው በሚገቡት ቦታዎች ላይ ነው።

ታዲያ መምህሩ ይህ ጉድለት ለምን አይታየውም? ስለሚያውቀው ነው። እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር የሚያውቅ አንባቢ «አስፈላጊው ሁሉ» ከሚለው ጀርባ እርሾውንም፣ አብሲቱንም፣ ምጣዱንም ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ይሞላል። ተማሪው ያልጻፈውን መምህሩ ጽፎለት ያልፋል፤ ማርኩንም ለተማሪው ይሰጣል። በየክፍሉ የሚታዘዙት ርእሶች፣ የደን ጥቅም፣ የትራፊክ አደጋ፣ የትምህርት አስፈላጊነት፣ ከተማሪው ይልቅ መምህሩ አብዝቶ የሰማቸው ናቸውና ችግሩ በየድርሰቱ ይደጋገማል።

የኔ ፍርድ ከተለመደው አስተራረም እንደተለየ ሁሉ፣ የአራሚዎች አለመግባባት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲደሪክ፣ ጆን ፍሬንችና ሲዴል ካርልተን በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት የዚህ ዘርፍ ዋና ማጣቀሻ ሆኖ ኖሯል። 300 የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎች ድርሰቶች ለ53 አንባቢዎች ተሰጡ። ከአንባቢዎቹ መካከል የእንግሊዝኛና የሌሎች ትምህርቶች መምህራን፣ ጸሐፍትና አርታኢዎች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የንግድ ሰዎች ነበሩ። ዘጠኝ እርከን ባለው መለኪያ፣ ከአምስት ያነሰ ዓይነት ውጤት ያገኘ አንድም ድርሰት አልተገኘም፤ 101 ድርሰቶች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን እርከን ሁሉ አግኝተዋል። ብዙዎች ከዚህ የሚያነቡት የአራሚን አለመታመን ብቻ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ግኝት ነው፦ አንባቢዎቹ የተለያዩት በዘፈቀደ አልነበረም። አንዱ ሐሳብን፣ ሌላው አደረጃጀትን፣ ሌላው የሰዋስውና የፊደል ስሕተትን፣ ሌላው የቃላት ምርጫን፣ ሌላው የጸሐፊውን ለዛ ያስቀድም ነበር። እያንዳንዱ በራሱ መለኪያ ጸንቷል፤ ምን እንደሚለኩ ግን አስቀድመው አልተስማሙም።

ስምምነቱን ያመጣሉ ተብለው ከተዘጋጁት መለኪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ሆሊ ጃኮብስና ባልደረቦቿ ያወጡት ነው፤ በአገራችን የማስተማር ዘዴ ጥናቶችም ውስጥ ይታያል። ከመቶው ለይዘት 30፣ ለቋንቋ አጠቃቀም 25፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት 20፣ ለፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 5 ይሰጣል። ብዙው ቀይ ቀለም የሚፈስሰው ግን አምስት ነጥብ ብቻ ባላት በመጨረሻዋ ላይ ነው። መለኪያው የተሠራው እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚጽፉ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ከዚህም በላይ ተራኪውን፣ አከራካሪውንና ገላጩን ድርሰት በአንድ ቁና ይሰፍራል፤ «አንባቢው ነገሩን ተረዳው ወይ?» ብሎ ለይቶ የሚጠይቅ ረድፍ የለውም።

ይህን ስል ቋንቋውን ችላ እንበል ማለቴ አይደለም። ስሕተት ሁሉ እኩል አይጎዳም ነው የምለው። ግዕዝ «ሠረቀ»ን ከ«ሰረቀ» ለይቶ፣ አንዱን ለፀሐይ መውጣት ሌላውን ለመስረቅ ያውላል፤ በዛሬው አማርኛ ግን «ዓይን»ን በ«አ» የጻፈ ተማሪ የማንንም መረዳት አላጨለመም። በአንጻሩ «ሊጡ ቦክቶ ውሃውን ደፍተን ቀዝቅዞ እንጨምረዋለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ የቀዘቀዘው ሊጡ ይሁን ውሃው ይሁን አብሲቱ ግን አይታወቅም። ቦዝ አንቀጾቹ ተከታትለው ባለቤታቸው ጠፍቷል። ማርክ መቀነስ ያለበት እዚህ ላይ ነው። «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» የሚሉት ማያያዣዎችም እንዲሁ ይፈተኑ። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ እንጀራ ቅርስ መሆኑ ትዕግሥት የሚጠይቅበት ምክንያት አይደለም፤ «በመሆኑም» ያለ ምክንያት ገብቷል።

«ልንረባረብ ይገባል» የሚለው መዝጊያም አለ። ከዜናና ከስብሰባ የመጣ ቋንቋ ነው። ተማሪው እንዲያስረዳ ታዞ ይመክራል፤ እኛም ጥሩ መደምደሚያ ብለን እናልፍለታለን።

የመምህሩን ሸክም አውቀዋለሁ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንድ ድርሰት አምስት ደቂቃ ቢሰጥ እርማቱ አምስት ሙሉ ሰዓት ይወስዳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ በመሆኑም ለዚህ ድካም ዋጋ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። መምህራን ሆይ፣ ማርኩን ከመጻፋችሁ በፊት ከድርሰቱ ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ከዚህ ጽሑፍ የተረዳሁት...» ብላችሁ ጀምሩና ወረቀቱ ላይ ባለው ብቻ ጨርሱት። መጨረስ ካቃታችሁ፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ቢያምሩ፣ ያ ድርሰት አልገለጠም።