‹በት›ን በሌላ ቃል የመተካት ትምህርት ሲመረመር

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሌሎች ትምህርቶችም መተላለፊያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቋንቋው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ እንዲያገለግል ወስኗል። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አፈር መሸርሸርም ሆነ ስለ ዐድዋ ጦርነት የሚያውቀውን በክፍል ውስጥ በጽሑፍ የሚገልጸው በእንግሊዝኛ ነው። ዕውቀቱ እያለው ሁለት ሐሳቦችን የሚያያይዝበት ቃል ከተዛባበት፣ መምህሩ የሚያነበው ተማሪው ያላሰበውን ነገር ይሆናል። ከአያያዥ ቃላት መካከል በዚህ ረገድ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹት ተቃርኖን የሚገልጹት ናቸው።

እነዚህን ቃላት ለማስተማር ሲያገለግል የቆየ አንድ የተለመደ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የቃላት ዝርዝር ነው። በመስቀል ፍላወርም ሆነ በካዛንቺስ በሚገኙ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤቶች ከሚባዙት የማስታወሻ ወረቀቶች መካከል እንዲህ ዓይነቱን ማግኘት አያዳግትም። ከራስጌው ‹በት› የሚለው ቃል ይጻፋል፤ ‹በዚህ ፈንታ የሚከተሉትን ተጠቀም› ከሚል ትእዛዝ በታችም ‹ሀውኤቨር›፣ ‹ኔቨርዘለስ›፣ ‹ኦልዞው›፣ ‹ዲስፓይት›፣ ‹ዌርአዝ›፣ ‹ኦን ዘ አዘር ሃንድ›ና ‹ኦን ዘ ኮንትራሪ› በአንድ ዐምድ ይደረደራሉ። ቃላቱ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙውን ጊዜ አይሰጥም።

ለዝርዝሩ የሚገባውን ዋጋ መንፈግ ፍትሐዊ አይሆንም። ከ‹በት› በቀር ሌላ የማያውቅ ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አያሌ ቃላት ተሰብስበው ያገኛል። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ይደርሳል። መደበኛ ጽሑፍ ከዕለት ንግግር የተለየ የቃላት ምርጫ እንዳለውም ያስታውሳል። እነዚህ ጥቅሞች እውነተኞች ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ‹በዚህ ፈንታ› ከሚለው ትእዛዝ ነው።

የመስቀል ፍላወር ሰፈር መጠሪያ ራሱ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ቃል የተገጠመ ነው። ‹አበባ› የሚለው ቃል በ‹ፍላወር› ቢተካም አበባው ያው አደይ አበባ ነው፤ የነገር ስም እንዲህ ያለውን መተካካት ይችላል። አያያዥ ቃል ግን የነገር ስም አይደለም። ተግባሩ በሁለት ሐሳቦች መካከል ያለውን ዝምድና መግለጽ ስለሆነ፣ ቃሉ ሲለወጥ ዝምድናውም አብሮ ይለወጣል።

በተቃርኖ ስም የሚጠቃለሉት ዝምድናዎች ቢያንስ ሦስት ናቸው። አንደኛው ማነጻጸር ነው፦ ‹ዋናው መንገድ ጫጫታ ይበዛበታል፤ የውስጡ መንገድ ግን ጸጥተኛ ነው።› በዚህ ምሳሌ ሁለቱም አባባሎች እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ለዚህ ‹ዌርአዝ› ወይም ‹ኦን ዘ አዘር ሃንድ› ይስማማል። ሁለተኛው ካልተጠበቀው ወገን የመጣ ውጤት ነው፦ ‹ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ ሆኖም ተማሪዎቹ በሰዓቱ ደረሱ።› ዝናቡ መዘግየትን እንድንጠብቅ አድርጎ ነበር፤ የተፈጸመው ግን ሌላ ነው። ‹ሀውኤቨር›ና ‹ኔቨርዘለስ› ለዚህ ያገለግላሉ፤ ከሁለቱም ኋለኛው ጠንከር ይላል። ሦስተኛው ማረም ነው፦ ‹መንገዱ ጸጥተኛ አይደለም፤ እንዲያውም ጫጫታ የሞላበት ነው።› ፊተኛው አባባል ተክዶ ኋለኛው በቦታው ይተካል። ‹ኦን ዘ ኮንትራሪ› የሚለው ሐረግ የዚህ የሦስተኛው ነው።

እንግዲህ ዝርዝሩን ያመነ ተማሪ በጂኦግራፊ መልሱ ላይ ‹ደጋው ቀዝቃዛ ነው› ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ስለ ቆላው ሙቀት ለመናገር ‹ኦን ዘ ኮንትራሪ› ቢያስገባ ምን ይከተላል? እንግሊዝኛ አዋቂው አንባቢ፣ ጸሐፊው ስለ ደጋው የተናገረውን መልሶ የሻረ ይመስለዋል። ተማሪው የአየር ጠባዩን ልዩነት ያውቃል፤ የጻፈው ግን ያላሰበውን ክህደት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ከፊደል ግድፈት የከፋ ነው፤ የፊደል ግድፈት ለዐይን ይታያል፣ ይህ ግን በትክክለኛ ፊደል ተጽፎ የተሳሳተ ሐሳብ ያስተላልፋል።

ይህ ልዩነት በሥነ ልሳን ምሁራን ዘንድ የታወቀ ነው። ሃሊደይና ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ስለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ትስስር በሚያትተው መጽሐፋቸው፣ ተቃርኖን በአንድ መደብ ቢያስቀምጡትም በውስጡ ግን ከተጠበቀው ውጭ መሆንን፣ ማነጻጸርንና ማረምን ለይተው ዘርዝረዋል። ክሩ የተባሉት ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ለቋንቋ መምህራን በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ፣ አያያዥ ቃላትን እንደሚተካኩ አድርጎ በዝርዝር ማቅረብ ተማሪዎችን እንደሚያሳስት አስረድተዋል፤ ካነሷቸው ቃላት አንዱም ይኸው ‹ኦን ዘ ኮንትራሪ› ነበር። ግራንጀርና ታይሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የጻፏቸውን ድርሰቶች መርምረው ይህን ሐረግ ከመጠን በላይ እንደሚጠቀሙበት፣ ‹ሀውኤቨር›ን ግን ከሚገባው በታች እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ በፈረንሳይኛ ያለው ተመሳሳይ ሐረግ ተጽዕኖ ነው። ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ትምህርት፣ ተማሪ አዲሱን ቃል የሚመዝነው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሚዛን መሆኑ ነው።

እንዲህ ከሆነ የኢትዮጵያዊው ተማሪ ሚዛን ምንድን ነው? አማርኛ ተናጋሪው ሦስቱን ዝምድናዎች ለይቶ የመናገር ችሎታ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ለማነጻጸር ‹ሲሆን› ወይም ከስም ቀጥሎ የሚገባው ‹ግን› አለው። ላልተጠበቀው ውጤት ‹ሆኖም›፣ ‹ይሁን እንጂ›ና ‹ምንም እንኳ … ቢሆንም› አሉት። ለማረም ደግሞ ብቻውን የሚቆመው ‹እንጂ› አለው፦ ‹የምትሠራው በካዛንቺስ እንጂ በመስቀል ፍላወር አይደለም።› በዚህ ዐረፍተ ነገር ‹እንጂ› ወጥቶ ‹ግን› ቢገባ አማርኛው ይፈርሳል፤ ሕፃን እንኳ ይህን ይሰማዋል። የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። አማርኛ በ‹እንጂ› እውነተኛውን አስቀድሞ የሚካደውን ያስከትላል፤ እንግሊዝኛ ግን በ‹ኦን ዘ ኮንትራሪ› አስቀድሞ ክዶ እውነተኛውን ያስከትላል። መምህሩ ‹በዚህ ቦታ ሐሳቡን በ«እንጂ» ልትናገረው ትችላለህን?› ብሎ ቢጠይቅ ተማሪው ከዝርዝሩ የማያገኘውን መልስ ከራሱ አንደበት ያገኛል።

አፍ መፍቻው አማርኛ ያልሆነ ተማሪም ይህ መንገድ አይዘጋበትም። ትግርኛ ‹ግን›ን ከ‹እምበር›፣ ኦሮምኛም ‹ጋሩ›ን ከ‹መሌ› ይለያሉ። ተማሪዎች በየቋንቋቸው ምሳሌ እንዲሰጡ ማድረግ ክፍሉን አይከፋፍለውም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ልዩነት ወደ አንድ የእንግሊዝኛ ደንብ ያመጣዋል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚረዳውን ያህል የሚያሰናክልበትም ቦታ አለ፤ ዝርዝሩም በዚህ ላይ ምንም አያስጠነቅቅም። በአማርኛ ‹ምንም እንኳ ቢዘንብም ተማሪዎቹ ግን መጡ› ማለት የተለመደ ነው፤ ‹ምንም እንኳ› በአንድ ወገን፣ ‹ግን› በሌላው ወገን ይቆማሉ። በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን ‹ኦልዞው› በገባበት ዐረፍተ ነገር ‹በት› አይደገምም። በአማርኛ ደንብ የሚጽፍ ተማሪ ሁለቱንም ቢያስገባ ስሕተቱ ከስንፍና ሳይሆን ከቋንቋው ሥርዐት የመጣ ስለሆነ፣ ቀይ መስመር ብቻ አያርመውም፤ ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ የረቀቀው የ‹ቢ…ም› ጉዳይ ነው። ‹አባትየው ድኻ ቢሆንም ልጁን አስተማረ› ሲባል ድኽነቱ የተረጋገጠ ነገር ነው። ‹ነገ ቢዘንብም ፈተናው ይሰጣል› ሲባል ግን ዝናቡ ገና ያልታወቀ ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቅርጽ ይገልጻቸዋል፤ ልዩነቱንም ለዋናው ግሥና ለዐውዱ ይተወዋል። እንግሊዝኛ ለፊተኛው ‹ኦልዞው› ወይም ‹ኢቭን ዞው›፣ ለኋለኛው ‹ኢቭን ኢፍ› ይላል። ስለ አባትየው ‹ኢቭን ኢፍ› የጻፈ ተማሪ በተረጋገጠው ድኽነት ላይ ጥርጣሬ ይጥላል። በታሪክ ጽሑፍ ላይ ሲሆን የተፈጸመ ድርጊት ምናልባት እንዳልተፈጸመ ሆኖ ይነበባል።

ቃላቱ በአገባብም አይተካኩም። ‹ኦልዞው› ግሥ ያለው ሙሉ ሐሳብ ያስከትላል፤ ‹ዲስፓይት› ግን ስም ወይም የስም ሐረግ ይፈልጋል። ‹በት› ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በአንድነት ሊያስር ሲችል፣ ‹ሀውኤቨር› ግን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሊያስራቸው አይችልም፤ ከፊቱ አራት ነጥብን ወይም ድርብ ሰረዝን የመሰለ ጠንካራ ሥርዐተ ነጥብ ይሻል። ሁሉን በአንድ ዐምድ የደረደረ ወረቀት መስተጻምሩን፣ መስተዋድዱንና ተውሳከ ግሡን አንድ አድርጎ ያቀርባል።

ለዝርዝሩ የሚቆሙ መምህራን ሁለት ምክንያት ሊያቀርቡ ይችላሉ። የክፍሉ ተማሪ ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው፤ ከዚህም በላይ የመልቀቂያ ፈተናው ምርጫ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። ይሁንና አራቱ አማራጮች ‹ስለዚህ›ን፣ ‹ምክንያቱም›ን፣ ‹በተጨማሪ›ንና ‹ሆኖም›ን የመሳሰሉ ከሆኑ፣ ተማሪው ተቃርኖ መኖሩን ብቻ በማወቅ ነጥቡን ያገኛል፤ የተቃርኖውን ዓይነት እንዲለይ አልተጠየቀም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ድርሰት ሲጽፍ ግን አማራጭ የሚሰጠው የለም። ፈተናው ያልጠየቀውን ጽሕፈት ይጠይቀዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀቱን መጣል ሳይሆን አሠራሩን መለወጥ ነው። ‹በዚህ ፈንታ› የሚለው ትእዛዝ ይውጣ፤ ቃላቱ በሦስቱ ዝምድናዎች ይከፈሉ፤ ከእያንዳንዱም ጎን ከተማሪው አካባቢ የተወሰደ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ሦስት ጥያቄዎችም ይታከሉ፦ ሁለቱም ሐሳቦች እውነት ናቸው ወይስ አንዱ ተክዷል? ኋለኛው ከፊተኛው የሚጠበቅ ነበር ወይስ አልነበረም? ነገሩ የተረጋገጠ ነው ወይስ ገና የሚታሰብ? ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የማባዣ ዋጋውም አይጨምርም። ‹በት› በትክክል በገባበት ቦታም ቃሉን ለጌጥ ሲሉ መለወጥ እንደማያስፈልግ ቢገለጽ መልካም ነው፤ አጭሩ ቃል በመደበኛ ጽሑፍም ቦታ አለውና።

ይህን ለውጥ ለማድረግ ቀዳሚውን ኃላፊነት የሚሸከሙት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ናቸው። ዕጩ መምህሩ ዝርዝሩን በቃሉ አጥንቶ ከወጣ በየዓመቱ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የሚያስተላልፈው ያንኑ ዝርዝር ነው። በ‹ግን›ና በ‹እንጂ› መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ቋንቋው መርምሮ የወጣ መምህር ግን፣ ተማሪው የተሳሳተ ቃል ሲጽፍ ‹ምን ለማለት ፈልገህ ነው?› ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል። የተማሪው ዕውቀት በወረቀት ላይ ሳይዛባ እንዲደርስ የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ነው።