ባቲ በከባድ ጊታር

ሄቪ ሜታል ለሐበሻ ጆሮ ባዕድ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ማስረጃዬ ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነችው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ይገኛል፤ ባቲ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በዚህች የሰኞ ገበያዋ በገነነ ከተማ ስም ነው። ባቲ ማይነር የሚባለውን ዝርያውን በጊታር ቀስ ብላችሁ ብትመቱት፣ የሮክ ጊታረኞች ሶሎ የሚያወርዱባቸውን አምስት ድምፆች ታገኛላችሁ። የብላክ ሳባዙ ቶኒ አዮሚ ባቲን ሰምቶ ተጫወተ ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ጆሮ ግን ያንን መንገድ ከጥንት ያውቀዋል።

የሮክ ቡድኑ ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኤርታሌ» አልበም የምወደው ለዚሁ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» አልበም ያሰናዳ ሰው ነው፤ ከባድ ጊታር ከአማርኛ ዜማ ጋር ሲገጥም ማን ማንን እንደሚውጥ የሚያውቅ እጅ ነበር። «ቅኝት የጠራ ድምፅ ይፈልጋል፣ ዲስቶርሽን ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። እስቲ ማሲንቆን ቀረብ ብለው ይስሙት! የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ ድምፁ ይሻክራል፤ የጣት ማረፊያ ምልክት ስለሌለው ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ያለቅሳል። ጊታረኛውም ክሩን ገፍቶ ሲያጎብጠው የሚፈልገው ያንኑ ልቅሶ ነው። ሻካራነቱ ድምፁን ያረዝመዋል እንጂ ቅኝቱን አይነካውም። ከሚመጡት የሮክ አልበሞች የምጠብቀው ባቲን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከችክችካ ምት ጋር፣ ጊታሩን ሳያለዝብ የሚወስድ አንድ ረጅም ዘፈን ነው።