ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

ፎቶግራፍ የሚጠናቀቀው የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ በተዘጋበት ቅጽበት ነው የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ ከሙያው ታሪክ ጋር የሚስማማ አይደለም። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ ከተባለች መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ አንሥቶ፣ ከዚያው ከአንዱ ኔጋቲቭ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ሲያትም ሰማዩን ይበልጥ እያጠቆረው ሄዷል። የየከተማው ፎቶ ቤት ባለሙያም ቢሆን በጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከማጉያው የሚወርደውን ብርሃን በመዳፉ እየከለለ የደንበኛውን ፊት ሲያፈካ የሠራው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እንግዲህ በእጅ ስልክ ላይ የሚገኘው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም የዚያ ጨለማ ክፍል ወራሽ ነው። ስናፕሲድን የመሰሉት ያለ ክፍያ ስለሚገኙ መሣሪያው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ በሁሉም ኪስ ገብቷል። ከዚህ አኳያ ለሂስ የሚቀርበው ጥያቄ ፎቶግራፍ ይታረም ወይስ አይታረም የሚለው ሳይሆን፣ ምኑ ይታረም የሚለው ነው።

በበዓል ቀን በየቤቱ የሚነሣውን ፎቶግራፍ መመልከት ይበቃል። ነጭ የሀገር ልብስ የለበሱ እናት ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ ከጀርባቸው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት በመሆኑ፣ ነጩ ልብስና መስኮቱ ያታልሉታል፤ ብርሃኑንም ይቀንሳል። ዘመናዊ ስልኮች ፊትን ለይተው ለማመዛዘን ቢሞክሩም ስሕተቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ ጥላ ሆኖ ይወጣል።

አብዛኛው አራሚ በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚይዘው የጠቅላላውን ብርሃን መጨመሪያ ነው። ፊቱ በርግጥ ይታያል፤ ጥበቡና ጥለቱ ግን በነጭ ጎርፍ ይዋጣሉ። በተለመደው የጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለው እርከን ይለካል። ሦስቱም ቀለሞች 255 ላይ ደርሰው ፋይሉ በዚያው ከተቀመጠ፣ በኋላ ቢያጠቁሩት ግራጫ ይሆናል እንጂ የፈትሉ መልክ አይመለስም። ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ማቆየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የሚሻለው፣ የጥላውን ክፍል ለብቻው በጥቂቱ ከፍ ማድረግ፣ ደማቁን ክፍል መግታት፣ ከዚያም የቀለሙን ሙቀት የነጠላውን ነጭ መነሻ አድርጎ ማቃናት ነው። አምፖል ቢጫማ ያደረገው ነጠላ ወደ ነጭነቱ ሲመለስ፣ ፊቱም ወደ ጠይምነቱ ይመለሳል። ጥላውን አብዝቶ መግፈፍ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ምስል ያወጣል። ስለ መከርከምና ያዘመመን ስለ ማቃናት ብዙ ማለት አያሻም፤ በር ላይ በግማሽ የታየውን ሰው ከምስሉ ማውጣት ማንም ይችላል።

አሳሳቢው «ማሳመሪያ» የሚባለው ነው። ቆዳን ያለሰልሳል፣ ያነጣል፣ የአንገት ንቅሳትን ያደበዝዛል። የዚህ ሚዛን ሥር ሩቅ ነው። ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፊት የያዘ ነበር፤ በዚያ የተለካ ጥቁር ፊት ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ጠይምና ጥቁር ቆዳን በትክክል ለማሳየት ያለመውን «ሪል ቶን» በፒክስል 6 ስልኩ ላይ ማውጣቱ፣ መዛባቱን አምራቾቹም እንደ ተቀበሉት ያሳያል። ፋብሪካው ማረም የጀመረውን የባለ ፊቱ የገዛ ጣት መልሶ ሲያዛባው ማየት ግን የሚያስገርም ነው፤ ለዚያውም በደስታ።

ነገሩ በሠርግና በምረቃ ፎቶግራፍ ላይ ሲሆን በፈገግታ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። በለቅሶ ቤት ሲሆን ግን ሌላ ነው። ከተንጠለጠለው ትልቅ ምስል ላይ የግንባር መስመራቸው ተደምስሶ፣ ጠይምነታቸው ታጥቦ የሚታዩት አዛውንት፣ አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረው ጎረቤት ቀረብ ብሎ እኚህ ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅባቸው ሆነዋል። ከእርሳቸው በኋላ የሚወለደው የልጅ ልጅም አያቱን የሚያውቀው በዚሁ ምስል ነው።