የፌንጣው ዓይንና የሱሉልታ ሣር

አንድ የፎቶግራፍ ሥራ በሚመዘንበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ምስሉ ምን ያህል ጠራ የሚለው ሳይሆን፣ ጥራቱ ለየትኛው ይዘት አገለገለ የሚለው ነው። የቅርጽና የይዘት ነገር በማናቸውም የኪነ ጥበብ ዘርፍ የቆየ ክርክር ቢሆንም፣ ጥቃቅን ነፍሳትን እጅግ አጉልቶ በሚያሳየው ፎቶግራፍ ረገድ ግን ተገቢውን ትኩረት አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። ተመልካቹ በአብዛኛው የሚደነቀው በመሣሪያው ነው፤ መሣሪያውም በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው።

ለዚህ ዋነኛው አብነት የእንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ የሌቨን ቢስ «ማይክሮስከልፕቸር» የተሰኘው ሥራ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቀረበው ይህ ትርኢት፣ ከሙዚየሙ ስብስብ የተመረጡ ነፍሳትን በማይክሮስኮፕ ሌንስ አንሥቶ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ስፋት አሳይቷል። አንዱን ምስል ለመገንባት ወደ 8,000 የሚጠጉ ፍሬሞች ተጋጥመዋል። የነፍሳቱ አካል በክፍል በክፍል ተለይቶ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማው ብርሃን ስለተመረጠለት፣ ጥንዚዛው የነሐስ ጥሩር ለብሶ ለዘመቻ የተነሣ አርበኛ ይመስላል።

ይህን ያህል ፍሬም ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የአሠራሩን ሕግ ማወቅ ይገባል። ማክሮ የሚባለው የነፍሳቱ ምስል በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ላይ በራሱ ትክክለኛ መጠን፣ ማለትም አንድ ለአንድ ሲያርፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ብርሃን ተቀባዩ 36 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ካሜራ አምስት እጥፍ ሲያጎላ የሚያየው ከ7 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ነው፤ አሥር እጥፍ ሲያጎላ ደግሞ 3.6 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የጥራቱ ጥልቀት መጥፋቱ ነው። በአምስት እጥፍ፣ የሌንሱ ቀዳዳ በ2.8 ተከፍቶ፣ በአንድ ጊዜ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰው ጸጉር ይቀጥናል። ቀዳዳውን በማጥበብ ጥልቀት ለማግኘት መሞከርም ብዙ አያራምድም። በ8 የተጠበበ ቀዳዳ በዚህ ማጉላት ላይ 48 እንደሆነ ያህል ይሠራልና፣ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ተበትኖ መላውን ምስል ያደበዝዘዋል። ስለዚህም ካሜራው በብሎን በሚገፋ ሐዲድ ላይ ተቀምጦ፣ ከጸጉር በቀጠነ እርምጃ እየተጠጋ፣ አራት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው ራስ ከመቶ በላይ ፍሬሞች ያነሣል። ከዚያ በኋላ ሄሊኮን ፎከስና ዚሪን ስታከርን የመሳሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከየፍሬሙ የጠራውን ብቻ ለቅመው አንድ ያደርጉታል።

ይህን ማጋጠም እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ። አስተያየቱ ሚዛን አይደፋም። ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ውስጥ የቁንጫን ታላቅ ሥዕል ሲያቀርብ፣ ከመሣሉ በፊት የሚሥለውን ነገር በልዩ ልዩ ብርሃንና አቅጣጫ ደጋግሞ እንደሚመረምር አስረድቷል። የሠዓሊው እጅ ያኔ ያደረገውን ፕሮግራሙ ዛሬ ያደርገዋል። (በነገራችን ላይ፣ ሁክ አልቆም ያለችውን ጉንዳን ጸጥ ያሰኛት በአልኮል አስክሮ ነው፤ ጉንዳኗ ግን ስካሩ ሲበርድላት ተነሥታ ሄዳለች።)

የቢስ ሥራ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ነፍሳቱ የሞቱ ናቸው። መደቡ ጥቁር ነው። ሣር፣ ጤዛ፣ ነፋስ የለም። ጥንዚዛው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚበላው፣ የት እንደሚውል ምስሉ አይናገርም። በኦክስፎርድ ይህን ጉድለት በከፊል የሸፈነው ከግዙፉ ምስል አጠገብ ትንሿ ነፍሳት ራሷ መቀመጧ ነው፤ ተመልካቹ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰ ይመዝን ነበር። ምስሉ ብቻውን ተነጥሎ በስልክ መስኮት ላይ ሲዞር ግን ሚዛኑ ይጠፋል። መጠኑ ያልተነገረ ትልቅነት አድናቆትን ሊያተርፍ ይችላል እንጂ ዕውቀትን አያስጨብጥም።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የቅርብ ጉዳይ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ሲሆኑ፣ በየዳርቻቸው የነበረው ሜዳ ለመኖሪያና ለፋብሪካ ቦታ እየለቀቀ ነው። በዚያ ሣር ላይ ይኖር የነበረው ፍጥረት ሣሩ በሄደ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች የሚነሣ የነፍሳት ፎቶግራፍ ውበት ብቻ ሳይሆን ምስክርነትም ነው፤ ምስክር ደግሞ የትና መቼ እንዳየ መናገር አለበት።

ለዚህ ሥራ ሱሉልታ የታደለ ቦታ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ፌንጣውና ቢራቢሮው የሰውነታቸውን ሙቀት ከፀሐይ የሚያገኙ በመሆናቸው ጎሕ ሲቀድ በሣሩ ጫፍ ላይ ደርቀው፣ ጤዛ ተሸክመው ይገኛሉ። የስቱዲዮው ፎቶግራፍ አንሺ በመግደል የሚያገኘውን ጸጥታ የሱሉልታ ብርድ በነጻ ይሰጣል። ነፋሱ ሳይነሣ ጥቂት አሥር ፍሬሞችን ከሕያው ፌንጣ መልቀም ይቻላል፤ በውሑድ ዓይኑ ላይ የተሰደሩት ጥቃቅን ገጾች ከነጤዛው ይወጣሉ። ይህም ውድ መሣሪያ የግድ አይጠይቅም። ካኖን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከአንድ እስከ አምስት እጥፍ የሚያጎላው ባለ 65 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅጉ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም አንድ አሮጌ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቀለበት አማካይነት ፊቱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ቢገጠም ከሁለት እጥፍ በላይ ያጎላል። የተገለበጠ ሌንስ ከካሜራው ጋር ስለማይነጋገር፣ ቀዳዳው በእጅ የሚዞር የጥንት ሌንስ ከአዲሱ ይመረጣል። የትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብ ሊደርስበት የሚችል መንገድ ነው።

ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ሌላ ፈተና ያቀርባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስተክለውታል በሚባለው በዚህ የጽድና የዝግባ ደን ውስጥ ብርሃን ብርቅ ነው፤ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹ በቀጥታ ከተተኮሰ ግን የጥንዚዛው ጀርባ እንደ መስታወት ነጩን ነጥብ መልሶ ይተፋዋል፤ ቀለሙም ቅርጹም ይጠፋሉ። በፍላሹና በነፍሳቱ መካከል የሚጋረድ አንድ ነጭ ወረቀት ብርሃኑን አለስልሶ የጀርባውን ጉብታ ያወጣዋል። በቡራዩ በኩል በገፈርሳ ውኃ ዳር ለሚያንዣብቡት በራሪዎች ግን ይህ ሁሉ ትዕግሥት አይረዳም፤ አንድ ብልጭታ፣ አንድ ዕድል ነው።

የመስከረም ንብም እንዲሁ ናት። በአደይ አበባ ላይ ስትዋትት ፍሬም በፍሬም ልትለቀም አትችልም። በአንድ ብልጭታ በተነሣ ምስል ክንፏ ይደበዝዛል፤ አንዱ እግሯ ከጥራት ውጭ ይቀራል፤ በኋላ እግሯ የቋጠረችው ቢጫ ብናኝ ግን ይታያል፣ አበባውም ይታያል። እንዲህ ያለው ምስል ከመቶ ፍሬሞች በተሰፋና በጥቁር መደብ ላይ ከተንሳፈፈ የንብ ራስ ይበልጣል፤ ሥራዋ በውስጡ አለና። በቡራዩ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ማዕከልም ሆነ ለክፍል መምህር የሚጠቅመው ምስል በግርጌው ስንት እጥፍ እንደጎላ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀንና በምን አበባ ላይ እንደተነሣ፣ ነፍሳቱም በሕይወት ይሁን ሞታ የተጻፈበት ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት መስመር አይሞላም፤ በትርኢት ግድግዳ ላይ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው እሱ ነው።