ተራራው ላይ ያሉት ሦስት ፈረሰኞች

በታከርና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ስቶን ማውንቴን መሄድ ልማዳችን ሆኗል። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ቀና ስንል ከፊታችን የሚታየው በአለቱ ላይ የተቀረጸው ግዙፍ ምስል ነው። ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊና ስቶንዎል ጃክሰን፣ ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው የደቡቡ ወገን መሪዎች፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በፈረስ ይጓዛሉ። ብዙዎቻችን «የድሮ ታሪካቸው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ለመሆኑ ድሮ ማለት መቼ ነው?

ጦርነቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። ኩ ክለክስ ክላን በዚሁ ተራራ አናት ላይ መስቀል አቃጥሎ እንደገና የተቋቋመው በ1915፣ ቀረጻው የተጀመረው በ1923 ነው። የመጀመሪያው ቀራጭ ጋትዘን ቦርግለም (በኋላ በራሽሞር ተራራ የፕሬዚዳንቶቹን ፊት የቀረጸው ሰው) ከአሠሪዎቹ ተጣልቶ ሄደ፤ ተተኪው የእርሱን ሥራ አስፈርሶ እንደ አዲስ ጀመረ፤ በ1928 ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲሁ ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ በ1954 ከፈረደ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የጆርጂያ መንግሥት ተራራውን ገዛው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተኑ ንግግራቸው የዚህን ተራራ ስም በጠሩ በዓመቱ፣ በ1964፣ ቀረጻው ቀጠለ፤ በ1972 ተፈጸመ። በታክሲዬ የማመጣቸው እንግዶች፣ ሥራው ያለቀው እናቴ ከተወለደች በኋላ ነው ስላቸው አያምኑኝም።

እንደ ሥነ ጥበብ ስመዝነው ደካማ ነው። ቅርጹ ጥልቀት የለውም፤ የፈረሶቹ እግር ሳያልቅ አለቱ ውስጥ ይጠፋል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ስለ ዞረ ፀሐይ እንደ ልቧ አትጎበኘውም። ጉልበቱ ሁሉ መጠኑ ነው። ሰውን ለማሳነስ የተሠራ ነውና ያንን ያደርጋል።

ይህንን ሚዛን በሰው ሀገር ላይ ብቻ ማንሣት ግን ደግ አይደለም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት የተመረቀው ለአብዮቱ ዐሥረኛ በዓል፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. ነው። ባለ ቀይ ኮከቡ ዓምድ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ሽቅብ ሲወጣ፣ ወሎና ትግራይ በረሀብ ያልቁ ነበር። በአንጻሩ ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሀብ ሰለባዎችን የሣለው በ1966 ዓ.ም.፣ ረሀቡ ገና መነጋገሪያ በነበረበት ጊዜ ነው። ሁለቱም የፖለቲካ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ግን የዘመኑን ጉድ አደባባይ አወጣ፤ ሌላኛው ከነሐሱና ከድንጋዩ ጀርባ ሸሸገው። በየምግብ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውንም የዓድዋ ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት፤ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ጣልያኖቹ በጎን ይታያሉ። ክፉን በጎን መሣል ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ሥርዓት ነው። ከቀደሙት የዓድዋ ሥዕሎች ብዙዎቹን የገዙት ደግሞ የውጭ ሀገር ሰዎች መሆናቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

የአሁኖቹ ወጣቶች «እዚያ ተራራ ሥር ለምን እንሰበሰባለን?» ማለት ጀምረዋል። ጥያቄያቸው የጥጋብ አይደለም። የጆርጂያ ሕግ ቅርጹ እንዳይነካ ይከለክላልና ማንሣቱ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ምንጣፋችንን ከፊቱ አንሥተን ወደ ሐይቁ ዳር መውሰድ ግን እንችላለን። እግረ መንገዳችሁን ልጆቹን ዲኬተር አደባባይ አድርሷቸው። በ1908 የቆመው የደቡቦቹ ሐውልት በ2020 ተነሥቶ፣ በቦታው ከነሐስ የተሠሩት ጆን ሉዊስ በ2024 ቆመዋል፤ ቀራጩ ባዝል ዋትሰን ነው። እጆቻቸውን ልባቸው ላይ አድርገዋል። ልጆች ጠጋ ብለው ሊነኳቸው ይችላሉ።